"ወንድም የለኝም" ያልኩበት ቀን፦ ኦቲዝም ካለበት ወንድሜ ጋር ሳድግ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኦቲዝም እናቶች የጻፉትን ብዙ አንብቤያለሁ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እህትና ወንድሞች ግን ብዙም አንጽፍም። እኔ ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ አሁን 21 ዓመቱ ነው፣ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ ከኛ በታች ደሞ አንዲት ትንሽ እህት አለችን። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። የምጽፈው በአብዛኛው የተሳሳትነውን ነው፣ ምክንያቱም ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ባላባከንን፣ ልጁንም እንደዛ ባላሰቃየነው ነበር።

ማሙሽ የተወለደው በ1996 ነው። ጤነኛ ቆንጆ ልጅ፣ በጊዜው ዳዴ አለ በጊዜው ቆመ፣ ዓመት ሲሞላው "እማ" ይላል "ውሃ" ይላል። ከዛ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ቃላቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፣ እማዬ ጆሮው አይሰማም እንዴ ብላ ከኋላው ድስት ስታንኳኳ ትዝ ይለኛል፣ ዝም። ግን ሌላ ክፍል ሆነን የብስኩት ላስቲክ ኮሽ ካለ እየሮጠ ይመጣል። የሚፈልገውን በጣቱ አይጠቁምም፣ የኔን እጅ አንጓው ጋ ይዞ ይጎትተኝና እንደ ዕቃ አንስቶ ፍሪጁ በር ላይ ያስቀምጠዋል። እማዬ ቡና ስታፈላ ደሞ ረከቦቱ ስር ቁጭ ይልና ስኒዎቹን እያወረደ መሬት ላይ በመስመር ይደረድራል፣ አበባ የተሳለበት ጎናቸው ሁሉም ወደሱ ዞሮ። አንዷን ካነሳችሁበት ለቅሶው ሰፈር ይሰማል።

አያቴ "አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል" አሉ። ሌላው ቡዳ ነው አለ። አንዷ ዘመድ ምላሱ ታስሮ ነው ብላ የባህል ሐኪም ጋር ተወስዶ ከምላሱ ስር ያለችው ክር ተቆረጠች፣ ሦስት ቀን ደም እየተፋ ወተት እንኳን አልወርድለት አለ። ሁሉም የሚለው ነበረው፣ ሁሉም ደሞ ለኛ ተጨንቆ ነው፣ ግን ከሁለት ዓመቱ እስከ ስድስት ዓመቱ ያለው ጊዜ በዚህ አለቀ።

ትንሽ ልጅ ያላችሁ እባካችሁ እዚች ጋ ቆም በሉ። ልጁ ዓመት ሞልቶት ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት በጣቱ ጠቁሞ "ያንን እዩት" የማይል ከሆነ፣ በተለይ ደሞ ይላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ፣ አራት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ጆሮው ደህና ከሆነ የሕጻናት የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 እና ጳውሎስ ሆስፒታል አላቸው። ምንም ሳይሆን ቢቀር አንድ ቀን ነው የባከነባችሁ።

የዕጣኑ ነገር ግን እስካሁን ያመኛል። ቡና ላይ ዕጣን ሲጨስ ማሙሽ ይጮሃል፣ ፊቱን ምንጣፍ ውስጥ ይቀብራል፣ በር ከተከፈተለት ሮጦ ይወጣል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና "ይሄ ልጅ በጤናው ዕጣን አይሸሽም" አሉ። በቃ። ከዛ ቀን ጀምሮ የማሙሽ ችግር ስም ወጣለት፣ መንፈስ ሆነ። ጸበል ተወሰደ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ለሊት 11 ሰዓት ላይ በዛ ብርድ ልብሱ ወልቆ ከላይ ውሃ ይወርድበታል፣ እሱ አይቶት የማያውቀውን ያህል ሰው መሀል ሆኖ ይጮሃል፣ ሲጮህ ደሞ "ጮኸ ጮኸ ሊለቀው ነው" ይባላል። እንዳይሮጥ እጁ በነጠላ ታስሯል። እግሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እየጠቀምኩት መስሎኝ በደንብ ጨምቄ ነው የያዝኩት።

በኋላ ሐኪሟ ስታስረዳን ነው የገባን። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ሽታ፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ንክኪ እኛ ከምንሰማው በላይ ተጋኖ ነው የሚደርሳቸው። ለኛ ደስ የሚል የዕጣን ሽታ ለሱ አፍንጫው ውስጥ በርበሬ እንደመንፋት ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃውም እንደዛው። እኔ ጸበል አትሂዱ እያልኩ አይደለም፣ እማዬ አሁንም ትወስደዋለች፣ ግን ሰው በሌለበት ሰዓት፣ መጀመሪያ እጁን አስነክታው፣ ከዛ ፊቱን፣ ከዛ ጠጥቶ ይመለሳል። ማሰር የለም፣ መያዝ የለም። የነፍስ አባታችን ራሳቸው ናቸው ጸበልና ሐኪም አይጣሉም ብለው እማዬን ያሳረፏት።

በዚህ መሀል ቤታችን ውስጥ የሆነውንም ልናገር። እንግዳ ሲመጣ ማሙሽ ጓዳ ይገባል። ማንም "ደብቁት" አላለም፣ እንዲሁ ልማድ ሆነ፣ የውጪው በር ሲንኳኳ እኔ ራሴ ሳልጠየቅ እጁን ይዤ ወደ ጓዳ እወስደዋለሁ። የአባዬ ዘመዶች "ከኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ሲሉ እማዬ ሰምታለች፣ አባዬ መልስ አልሰጠም፣ ዝም አለ፣ እሷ ያንን ዝምታ ለዓመታት ይዛው ኖረች። ሀጢያቷን እየቆጠረች ነበር። በእርግዝናዬ ምን በላሁ፣ ማንን አስቀየምኩ፣ ስራ ቦታ ለምን ቆየሁ። እናቶች እባካችሁ ይሄን ከራሳችሁ ላይ አውርዱ። ውጪ አገርም በአንድ ወቅት ሐኪሞቹ ራሳቸው እናት ልጇን ቀዝቃዛ ሆና ስላሳደገችው ነው የሚመጣው ብለው ስንቷን እናት አስለቅሰዋል፣ ስህተት እንደነበር ከታወቀ ቆይቷል። ኦቲዝም ጭንቅላት ገና ሲፈጠርና ሲያድግ ጀምሮ የሚመጣ ነው፣ ከዘር ጋር ትልቅ ግንኙነት አለው፣ በአስተዳደግ አይመጣም፣ በእርግማንም አይመጣም።

ነገሩ የተቀየረው አንድ ቀን ከሰዓት ነው። እማዬ ወጥ እያቁላላች ሬድዮ ተከፍቷል፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ራሷ ልጅ ትናገራለች። ዘሚ በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ናት፣ አሁን በሕይወት የለችም ነፍሷን በገነት ያኑርልን፣ በዛ ዘመን ልጄ ኦቲዝም አለበት ብሎ በአደባባይ መናገር ምን ማለት እንደነበር ያየ ነው የሚያውቀው። እሷ ልጇ የሚያደርገውን ስትዘረዝር እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። ሽንኩርቱ አረረ፣ ቤቱ ጭስ ሆነ፣ አላየችም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወደኔ ዞራ "የማሙሽን ነው የምታወራው" አለችኝ። ያቺን ቃል፣ ኦቲዝም የምትለዋን፣ ያረረው ድስት አጠገብ ቆማ የትምህርት ቤት ደብተሬ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፈቻት።

ሆስፒታል የሄድነው በ2003 መጀመሪያ ነው፣ ማሙሽ ሰባት ሊሞላው ምንም አልቀረው። እማዬ ራጅ ወይ የደም ምርመራ ጠብቃ ነበር፣ ግን ኦቲዝም በደምም በራጅም አይታይም፣ ሐኪሟ አብራው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስትጫወት አየችው፣ እማዬን ደሞ ከእርግዝና ጀምሮ ጠየቀቻት፣ በዚህ ነው የሚታወቀው። "የሚያድነው መድኃኒት የለም" ስትል እማዬ የሰማችው "ተስፋ የለውም" የሚለውን ነው፣ ሳምንት አልቅሳ ሰነበተች። ሐኪሟ ያለችው ግን እንደዛ አልነበረም፣ ኪኒን የለውም፣ ማስተማር ግን አለ፣ ልጁ ይማራል ነው ያለችው። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱ እባካችሁ፣ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ይሰማል።

ወዲያው ደሞ ሌላ ስህተት። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ደውላ "የክትባት ነው፣ እዚህ ሁሉም ሰው የሚያወራው ነው፣ ሕጻኗን እንዳታስከትቡ" አለች። ትንሿ እህቴ ዘጠኝ ወሯ ነበር፣ የኩፍኝ ክትባቷ ቀን ደርሶ እማዬ ሳትወስዳት ቀረች። የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ሦስቴ ተመላልሳ ነው ያሳመነቻት። ያ ወሬ የተነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከታተመ አንድ ጥናት ነው፣ ያሳተመው ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል፣ ማለት እኛ ቤት ወሬው ሲደርስ ጥናቱ ከተሰረዘ ቆይቶ ነበር። ኩፍኝ ግን እውነት ነው፣ ልጅ ይገድላል። ትንሿ እህቴ ከሁለት ወር በኋላ ተከትባ ደህና ሆነች፣ በነዛ ሁለት ወራት ውስጥ ሰፈር ኩፍኝ ቢገባ ኖሮ ግን እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ከሁሉም የከበደኝን ልጻፈው። እማዬና አባዬ የበሽታውን ስም አወቁ፣ ለኔ ግን አልነገሩኝም። ደብተሬ ላይ የተጻፈችውን ቃል አይቻለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፣ "ለሰው እንዳታወሪ" ብቻ ነው የተባልኩት። እንዳታወሪ የተባለ ነገር ለልጅ ነውር ነው። በዛው ዓመት ሰኔ ላይ፣ አምስተኛ ክፍል፣ የወላጆች በዓል ቀን እማዬ የሚይዝላት ሰው ስላጣች ማሙሽን ይዛው መጣች። ማይኩ ሲጮህ ማሙሽ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ መሽከርከር ጀመረ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ "ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው፣ ካንቺ እናት ጋር ነው እንዴ የመጣው?" አለችኝ። "አላውቀውም፣ እኔ ወንድም የለኝም" አልኳት። ከዛ ቀና ስል ማሙሽ አይቶኛል። ሰው ፊት የማያይ ልጅ ያቺን ሰዓት ከዛ ሁሉ ዩኒፎርም መሀል እኔን ለይቶ አይቶ መሽከርከሩን አቁሞ እየመጣ ነው፣ እጁን ዘርግቷል፣ እጄን ሊይዝ፣ እኔ ዞሬ ከልጆቹ ኋላ ተደበቅኩ።

ይሄን ለእማዬ የነገርኳት ከዓመታት በኋላ ነው። ወላጆች፣ ሌሎቹ ልጆቻችሁ የሚያውቁ ቢመስላችሁም አያውቁም። ለአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን በሚገባው ልክ ንገሩት፣ "የወንድምህ ጭንቅላት ነገሮችን የሚሰማው በሌላ መንገድ ነው፣ ተላላፊ አይደለም፣ ያንተም ጥፋት አይደለም" በሉት። ጓደኛ ሲጠይቀው የሚመልሳት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አስጠኑት። እኔ ያኔ "ወንድሜ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ጩኸት ስለሚያመው ነው" የምትል መልስ በአፌ ብትኖር ኖሮ አልደበቅም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሌላው ደሞ "አንቺ ትልቅ ነሽ" የምትለዋን ነገር ቀንሱልን፣ "እኔ ስሞት ላንቺ ነው የምተወው" የምትለዋን ደሞ ለአስር ዓመት ልጅ በጭራሽ አትበሉ፣ ስንት ለሊት እማዬ ትተነፍሳለች ወይ እያልኩ ተነስቼ ሰምቻለሁ። እኛን ያዳነን ነገር ትንሽ ነው፦ አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት ማሙሽን ይዞ መውጣት ጀመረ፣ እማዬና እኔ አንድ ሰዓት ብቻችንን ኬክ ቤት እንሄዳለን። ስለ ማሙሽ ላለማውራት ተስማምተን።

ትምህርት ቤቱን በአጭሩ ልለፈው፣ አራት ቦታ አልቀበልም ተብለናል፣ አንዱ ጋ ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ ተብሎ። በስተመጨረሻ የመንግስት ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል ተገኘ፣ ግማሽ ቀን። እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ ማዕከላት አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው ልጆቹ ደሞ ብዙ፣ ስለዚህ ቦታ እስኪገኝ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአማርኛም ተሰናድቶ እኛ አገር ተሞክሯል፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ቤት ውስጥ በምንሰራው ነገር ላይ ነው የሚያተኩረው።

2005 ላይ ማሙሽ ጠፋ። ሱቅ ዳቦ ልገዛ ስወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የወጣሁት፣ ስመለስ የለም። ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስሙን መናገር አይችልም፣ መኪና አይፈራም። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፣ ስሙን እየጠራን ነው የምንፈልገው፣ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ ልጅ። አባዬ ፖሊስ ጣቢያ፣ እማዬ ቤተክርስቲያን፣ እኔ ታክሲ ተራ። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተገኘው፣ ከቤታችን ራቅ ብሎ አስፋልት ዳር አንድ ላቫጆ ቤት። ከሰዓቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከጎማው የሚወጣውን ውሃ ሲያይ ነው የዋለው። መኪና አጣቢዎቹ ልጆች ሻይ በዳቦ ሰጥተውታል፣ አንደኛው የራሱን ጃኬት አልብሶታል፣ "እያናገርነው አይመልስም፣ ግን ውሃውን ስናጠፋ ያለቅሳል፣ ስለዚህ መኪና ባይኖርም ከፈት አደረግንለት" አለን። አባዬ እዛ ጋ ነው ሲያለቅስ ያየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ብዙዎቹ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል፣ ስለዚህ ልጅ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ወንዝ፣ ጉድጓድ፣ ላቫጆ፣ ቦኖ ውሃ ያለበትን ሁሉ እዩ። ከዛ በኋላ እማዬ በያንዳንዱ ልብሱ ውስጥ ስልክ ቁጥራችንን በክር ጠለፈችበት፣ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር በጥሶ ይጥላል። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን መደበቁን መተዋችን ነው። አባዬ እጁን ይዞ ባለሱቁ ጋ፣ ተራ አስከባሪዎቹ ጋ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ እየዞረ "ልጄ ነው፣ አይናገርም፣ ብቻውን ካያችሁት ያዙልኝ" ብሎ አስተዋወቀው። "ከኛ ዘር የለም" ሲባል ዝም ያለው ሰውዬ። ከዛ በኋላ ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴም ተራ አስከባሪ ነው እጁን ይዞ ያመጣው። ጓዳ የነበረ ልጅ ቢጠፋ ማን ያውቀዋል?

ንግግሩን በተመለከተ። ማሙሽ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ድምፅ መመለስ ጀመረ፣ ግን እንደ ገደል ማሚቶ ነው፣ "ውሃ ትፈልጋለህ?" ስንለው "ትፈልጋለህ" ይላል። እኛ እያፌዘብን ይመስለን ነበር፣ አባዬ አንዴ ተቆጥቶታል። እሱ ግን ውሃ ሲሰጠው የሚሰማው ቃል "ትፈልጋለህ" ስለሆነ ለሱ ውሃ ማለት ያ ነው። መምህርቷ ያሳየችን ዘዴ እሱ ማለት ያለበትን በሱ ቦታ ሆነን መናገር ነው፣ ብርጭቆውን ይዘን "ውሃ ስጪኝ" እንላለን፣ ጠብቀን እንሰጠዋለን። ስንት ወር ፈጀ። ከዛ በፊት ደሞ ሥዕል ነበር፦ ውሃ፣ ዳቦ፣ ሽንት ቤት፣ ውጪ፣ "አመመኝ"፣ የራሳችንን ዕቃ በስልክ አንስተን ፎቶ ቤት አሳጥበን ካርቶን ላይ ለጠፍነው። የሌላ ሰው ብርጭቆ ሥዕል አይገባውም፣ የሱን ሰማያዊ ብርጭቆ ፎቶ ግን ወዲያው ነው ያወቀው። ሥዕል ካስለመዳችሁት አይናገርም የሚሉ አሉ፣ እኛ ቤት እንደዛ አልሆነም፣ መናገር የጀመረው ከሥዕሉ በኋላ ነው።

"አመመኝ" የምትለዋን ካርድ አትርሱ። አስር ዓመቱ ላይ ድንገት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ማጋጨት ጀመረ፣ ለሊት አይተኛም፣ ባሰበት ተብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊጀመርለት ነበር። ጥርሱ ነበር። መንጋጋው ተበልቶ አፉ ውስጥ መግል ይዟል፣ ሲነቀል ሁሉም ቆመ። ልጃችሁ ድንገት ከተቀየረ ኦቲዝሙ ነው ከማለታችሁ በፊት ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አሳዩ።

ፀጉር መቆረጥ ለኛ ቤት ጦርነት ነበር፣ ሦስት ሰው ይዞት ነው የሚቆረጠው። አባዬ ይሄን በራሱ ጊዜ አሰበበት። ቶንዶስ ገዝቶ መጣና ሳይሰካው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ለሁለት ሳምንት ማሙሽ ዝም ብሎ ያገላብጠዋል። ከዛ አባዬ ሌላ ክፍል ሆኖ አብርቶ ያጠፋል። ከዛ በር ላይ ሆኖ። ከዛ የራሱን ክንድ እያስነካ ያሳየዋል፣ ከዛ የማሙሽን ጉልበት። ሦስተኛው ወር ላይ ከጆሮው በላይ አንድ መስመር ላጨለት፣ ማሙሽ እጁን አንስቶ የተላጨውን ቦታ ዳበሰው፣ እንደገና ጭንቅላቱን ወደ ቶንዶሱ አዘነበለ። ያን ቀን ቡና ተፈላ፣ ያለ ዕጣን።

አስራ አራት ዓመቱ ላይ፣ 2010፣ እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ፣ የሚጥል በሽታ ጀመረው። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ከሌላው ሰው በበለጠ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ በልጅነት አንዳንዱ ላይ በጉርምስና፣ እኛ ግን ማንም አልነገረንም ወይ ተነግሮን አልሰማንም። ሳሎን ወደቀ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ ክብሪት ለኩሶ ያሸተዋል፣ አንዱ እጁን ይይዛል፣ ምላሱን እንዳይውጥ ተብሎ ማንኪያ በጥርሱ መሀል ተሰካ። ማንኪያውን ከኩሽና ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ምላስ እኮ አይዋጥም። እንዲህ አድርጉ፦ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አያስፈልግም፣ አትያዙት፣ አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር አርቁ፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢ ምናምን አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል። መድኃኒት ከተጀመረ ደሞ ተሻለው ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ በድንገት ማቋረጥ ባሰ አድርጎ ያስነሳዋል፣ እኛ አንዴ ሞክረን አይተነዋል።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤት ትቼ መውጣቴ ራሱ ጥፋት መስሎ ነበር የሚሰማኝ። መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው፣ በ2011 በዛ ቀን ማታ ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ የማሙሽን ፎቶ አሳየኋቸው፣ "ወንድሜ ነው፣ ኦቲዝም አለበት" አልኩ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከስድስት ልጆች አንዷ ምንም ሳትል ወጣችና ትንሽ ቆይታ ተመልሳ "የኔም ታናሽ እህቴ" አለችኝ። ያን ሁሉ ወር አንድ ዶርም ኖረን አንዳችንም ተናግረን አናውቅም። እስካሁን በየሳምንቱ እንደዋወላለን። እናንተም እህት ወይ ወንድም ከሆናችሁ እንደናንተ ያለ አንድ ሰው ፈልጉ፣ ለሌላ ሰው ብዙ ማስረዳት የሚጠይቀውን ነገር እሷ በግማሽ ቃል ትረዳኛለች።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ፣ የማሙሽ ደብተር። እማዬ ብቻ የምታውቀውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ እየጠየቅኳት እጽፈዋለሁ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ እንጀራ ሲነካካ እንደማይበላ፣ ወጡ በሌላ ሳህን መሆን እንዳለበት፣ ሊናደድ ሲል መጀመሪያ የቀኝ ጆሮውን እንደሚያሻሽ፣ ማልቀስ ሲጀምር ማባበል ሳይሆን መብራት አጥፍቶ ዝም ማለት እንደሚሻል። እናታችሁ በሕይወት እያለች ይሄን ጻፉ። ትንሿ እህቴም የራሷን ገጽ ጨምራለች። እኔ ለእማዬ ማሙሽን አልተውም ብያታለሁ፣ ግን ቁጭ ብለን ተነጋግረን ነው፣ ማን ምን ያህል እንደሚችል፣ አባዬም ባለበት፣ የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ የተጫነብኝ ዓይነት አይደለም።

ያን የተሰበረ ጥርስ ልናሰራለት ጀምረናል። እንደ ቶንዶሱ ነው እያደረግን ያለነው። የመጀመሪያ ቀን ክሊኒኩ በር ድረስ ሄደን ተመለስን፣ በሁለተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተነሳ፣ ሐኪሙ ታጋሽ ልጅ ነው፣ ትንሿን መስታወት ለማሙሽ ሰጥቶት ቤት ይዟት መጥቷል። ከሰሞኑ ቡና ሲፈላ ስኒዎቹ መስመር መጨረሻ ላይ ይደረድራታል። ነገ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፣ አፉን ከከፈተ ከፈተ፣ ካልከፈተም አራተኛ ቀጠሮ አስይዘናል።